ስድብና ባህላዊ ትርጕሙ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ

ስለ አንድ ሕዝብ ልማድ ለማወቅ የሚሹ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ሠርጉ፣ ስለ ልቅሶው፣ ስለ ማኅበሩና ስለ በዓሉ ነው። ስለ ስድቡ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ስድብ የሚያሳፍር ነገር ስለ ሆነ ባለአገሩ ለእንግዳ አይነግረውም፤ ጠያቂውም በወረቀት ለማስፈር ይከብደዋል። ነገር ግን ስድብም እንደ ምርቃት ሁሉ የራሱ ሥርዐት አለው። ባልንጀራውን በቃል ለማቍሰል የፈለገ ሰው ያገኘውን ሁሉ አይወረውርም፤ የሚያመውን ቦታ መርጦ ይመታል። የሚያመውም ቦታ ማኅበሩ ከፍ አድርጎ የሚያከብረው ነገር ያለበት ቦታ ነው። ስለዚህ የአንድን አገር ስድብ በጥንቃቄ የመረመረ ሰው የዚያን አገር ክብር በጓሮ በር ገብቶ ያየዋል ለማለት ይቻላል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው በወገራ ደጋና በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ በተለይም በዳባትና በደባርቅ አካባቢ የሚሰማውን ስድብ ነው። ለማነጻጸርም ከጥንታዊት ቻይና ጥቂት ምሳሌዎችን እናመጣለን። ቻይናን የመረጥነው አገሪቱ ከእኛ እጅግ የራቀች ብትሆንም፣ የጽሑፍ ልማዷ ጥንታዊ ከመሆኑ የተነሣ ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት የተነገረ ስድብ ሳይቀር ተመዝግቦ ስለሚገኝ ነው። የእፍረትን ነገር በግልጽ የሚጠሩትን ቃላት ትተናል፤ አንባቢ ሁሉ የሚያውቃቸው ስለ ሆኑ መጻፋቸው ለጥናቱ የሚጨምረው ነገር የለም። የአገራችን ዓመቶች በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ የቻይናዎቹ ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልናሳይ የምንሞክረው ነገር ይህ ነው፤ በዚህ አገር ከሁሉ የከፋ ጕዳት ያደረሰው ስድብ በጠብ ጊዜ በቍጣ የሚነገረው አይደለም፤ ተናጋሪው ራሱ ስድብ ነው ብሎ የማይቈጥረው ነው።

ሀ. አገሩና ኑሮው

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የወገራን ሜዳ አቋርጦ ዳባትን ያገኛል፤ ቀጥሎም ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የስሜን ተራሮች ይነሣሉ። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራበታል፤ ከብት፣ በግና የጋማ ከብት ይረባበታል።

በየመንደሩ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። አንድ ልጅ ገና ስሙን ሲጠየቅ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ አያቱን ከነገረ በኋላ ነው ስሙ ትርጕም የሚያገኘው። ይህ እንዲያው የወግ ነገር ብቻ አልነበረም። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ገበሬው መሬት የሚያገኘው በርስት ነበር፤ ርስትም በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። መሬት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን ወደ ላይ እየቈጠረ ከአቅኚው አባት መድረስ፣ ይህንንም በሽማግሌዎች ፊት ማስመስከር ነበረበት። ለጋብቻም ቢሆን ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር የአንድ ሰው ዘር ሲነካ ስሜቱ ብቻ አይደለም የሚነካው፤ እርሻውና ትዳሩም አብረው ይነካሉ። አገሬው የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለው ይህን በማወቅ ነው። እግር ቢወለም በወጌሻ ይድናል፤ በገበያ መካከል የተነገረ ቃል ግን ሰሚው ሁሉ ይዞት ወደየቤቱ ይሄዳል።

ለ. ከስድብ በፊት ያለው ስድብ

ጠብ ሲጀመር መጀመሪያ የሚለወጠው አጠራሩ ነው። በዚህ አገር ታላቅ ሰው፣ ካህንና ሽማግሌ አንቱ ይባላል፤ በቀድሞው ልማድ ሚስትም ባሏን አንቱ ትላለች። ሽማግሌውን አንተ ያለ ጎረምሳ ሌላ ምንም ክፉ ቃል ሳይጨምር ሰድቧል። ተመልካቹም ይህን ሲያወራ «አንተ እስከ መባባል ደረሱ» ይላል፤ ሰሚው ነገሩ ምን ያህል እንደ ከፋ ከዚህ ብቻ ይረዳል። ከዚህ የባሰው ወንድን አንቺ ብሎ መጥራት ነው። ይህች አንዲት ፊደል የምትለውጥ ቃል ብዙ ዱላ አስነሥታለች።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት የእንስሳት ስሞች ናቸው፤ አህያ፣ ውሻ፣ ከብት፣ ዝንጀሮ የሚሉት። እነዚህ በየቤቱ እናት ለልጇ፣ ጓደኛም ለጓደኛው የሚናገራቸው ስለ ሆኑ እንደ ከባድ አይቈጠሩም። ደንቈሮ፣ ሰነፍ፣ ሆዳም የሚሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ከእነዚህ ከፍ ብሎ የሚገኘው የአስተዳደግ ስድብ ነው። ባለጌ፣ ስድ አደግ፣ አሳዳጊ የበደለው፣ ሴት ያሳደገው የሚሉት ቃላት በተሰዳቢው ላይ ቢነገሩም የሚመቱት ወላጆቹን ነው። በተለይ የመጨረሻው ልብ ሊባል ይገባዋል። ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ልጅ ማሳደጓ ሊያስመሰግናት ሲገባ፣ በዚህ ቃል ድካሟ ለልጇ ነውር ይሆንበታል።

ሐ. የዘር ስድብ

ዲቃላ፣ መጤ፣ ዘሩ የማይታወቅ፣ የባሪያ ልጅ የሚሉት ስድቦች በጠብ ጊዜ ደም ከሚያፈሱት ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከላይ ከተናገርነው ከርስት ጋር በቀጥታ የተያያዙ ናቸው፤ ዲቃላ የተባለ ሰው በሌላ አነጋገር ከዚህ መሬት ድርሻ የለህም ተብሏል። አራተኛው ከባርነት የመጣ ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ በሕግ ቀርቷል፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ በኋላም ኖሯል።

የዘር ስድብ ምን ያህል ኀይል እንዳለው የሚያሳየን በዚሁ አገር ታሪክ የታወቀው የካሣ ኃይሉ፣ ማለት የኋላው የአፄ ቴዎድሮስ ነገር ነው። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በድኽነት ዘመናቸው በጎንደር ኮሶ ሸጠው ይኖሩ ነበር እየተባለ ይወራ ስለ ነበር፣ ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ ይሏቸው ነበር። በ1839 ዓ.ም. ገደማ ደጃዝማች ወንድይራድ በእቴጌ መነን ፊት ይህንኑ ስድብ እየተናገሩ ካሣን ይዘው ለማምጣት ፎክረው ዘመቱ፤ ነገር ግን ድሉ የካሣ ሆነ። ካሣም ምርኮኛቸውን ኮሶ አስጠጧቸው፤ እናቴ ኮሶዋ ዛሬ አልተሸጠላትምና አንተ ጠጣው እንዳሏቸውም በትውፊት ይነገራል።

ይህ ታሪክ የተሟላ ትርጕም የሚያገኘው በስሜን ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግሬን የሚገዙ፣ ትውልዳቸው የታወቀ ታላቅ መስፍን ነበሩ፤ ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ከግብጽ ያስመጡና በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩም እርሳቸው ናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ሆኑ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም የኮሶ ሻጭ ልጅ የተባለው ሰው ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ዘውድ ጫነ። ሆኖም ድል ብቻውን ስድቡን አላጠፋውም። ከዘውዱ በኋላ የንጉሡ ትውልድ ከነገሥታት የሚቈጠር መሆኑ ይነገር ጀመር። ይህም የሚያስተምረን ነገር አለ፤ በዘር የተሰደበ ሰው ዘር የክብር መለኪያ አይደለም ብሎ አልመለሰም፤ እኔም ዘር አለኝ ብሎ መለሰ እንጂ። ስድቡን ያሸነፈው ሰው የስድቡን ሕግ ተቀብሎታል ማለት ነው።

በቻይናም እጅግ ተመሳሳይ ነገር ተጽፎ እናገኛለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የጪ አገር ንጉሥ የነበረው ዌይ፣ የበላይ ይባል ከነበረው ከጆው ንጉሥ ዘንድ ለቀብር ዘገየህ የሚል የቍጣ መልእክት ቢመጣበት፣ እናቱ ገረድ ናት ብሎ እንደ ተሳደበ በዚያ ዘመን ወግ ተመዝግቧል። የንጉሥን እናት ገረድ ማለትና የመስፍንን እናት ኮሶ ሻጭ ማለት አንድ ዓይነት ዘዴ ነው፤ ሰውየውን በግንባሩ መምታት ያልቻለ ሰው በተወለደበት ቤት ዞሮ ይመታዋል። ሉ ሹን የተባለው የታወቀ የቻይና ደራሲ በ1925 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ መርምሯል። የአገሩ ሰው በየሰዓቱ የሚናገረውን፣ እናትን ጠርቶ ግሡ ተውጦ የሚቀረውን ስድብ ካነሣ በኋላ፣ ምንጩ ሹመትና ክብር በትውልድ ብቻ ይገኝበት የነበረው ዘመን እንደ ሆነ ያስረዳል። በአባቱ ስም ብቻ የከበረውን ሰው ለማዋረድ ታናሹ ሰው ያገኘው መሣሪያ ትውልዱን ማቆሸሽ ነበር። በእኛም አገር በከተማ ጎረምሶች አፍ የሚሰማው፣ «እናትህን» ብሎ የሚቆመው ስድብ ግሡን መዋጡ እንኳ ከቻይናው ጋር ይመሳሰላል።

መ. የወንድነት ስድብና ደም

ፈሪ፣ ቦቅቧቃ፣ ሴት የሚሉት ቃላት በወገራና በስሜን ሰው ላይ እንደ እሳት ናቸው። ወንድሙ ወይም አባቱ ተገድሎበት ደሙን ያልመለሰ ሰው በግልጽ ባይሰደብ እንኳ በሽሙጥ ይወጋል። በልቅሶ ላይ አስለቃሿ የሟቹን ጀግንነት ስትዘረዝር በሕይወት ያሉትን ወንዶች በወርቁ ታነሣሣቸዋለች፤ ሰሙ ሐዘን ነው፣ ወርቁ ግን ምን ትጠብቃላችሁ የሚል ነው። በዚህ ዓይነት አንድ የተዳፈነ ጠብ በአንዲት ስንኝ እንደ ገና ይቀጣጠላል፤ ብዙ ወጣቶችም ከእርሻቸው ተነሥተው ወደ በረሓ የገቡት ፈሪ ከመባል ሞት ይሻላል ብለው ነው። እዚህ ላይ ስድብ ቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሰው ይገድላል።

አገሩም ይህን አደጋ ስለሚያውቅ መድኀኒት አበጅቶለታል። ጠብ ሲነሣ በዚያ የሚያልፍ ማንም ሰው በሕግ አምላክ ብሎ ከጮኸ ሁለቱም መቆም ይገባቸዋል፤ ይህን ጥሪ ያላከበረ በሰዎች ዘንድ ጥፋተኛ ይሆናል። ነገሩ ከገፋ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ሰዳቢው ካሳ ይከፍላል፤ ጥፋቱ ከባድ ከሆነም ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በተበዳዩ ፊት ይቀርባል። ተበዳዩ ይቅር ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ደም ፈስሶ ከሆነም ደም ማድረቅ የሚባለው እርቅ አለ፤ በዚህም ካህናት፣ ሽማግሌዎችና የሁለቱም ወገን ዘመዶች ተገኝተው፣ ካሳ ተከፍሎና መሐላ ተፈጽሞ ቂሙ ይዘጋል።

ሲማ ጭየን የተባለው የቻይና ታሪክ ጸሐፊ ይህን የሚመስል ነገር ጽፏል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በጃው መንግሥት ልየን ፖ የሚባል የጦር አለቃ ነበር። ሊን ሺያንግሩ የተባለው ሰው ከዝቅተኛ ቤት ወጥቶ በሹመት ቢበልጠው ተቈጥቶ፣ ባገኘው ቦታ ሊያዋርደው ዛተ። ሊን ግን አገራቸው በጠላት እንዳትደፈር ብሎ ጠቡን ሸሸ። የጦር አለቃው ይህን በሰማ ጊዜ ተጸጸተ፤ ልብሱን ከትከሻው ገፎ የእሾህ በትር በጀርባው ተሸክሞ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ሊን ቤት ሄደ። በዚያ እሾህ፣ በዚህ ድንጋይ፤ ሁለቱም ሕዝቦች ከአፍ የወጣው ክፉ ቃል ክብደት ያለው ነገር መሆኑን፣ የሚወርደውም በትከሻ ሲሸከሙት መሆኑን አውቀዋል።

ሠ. እርግማን

እርግማን ከስድብ የሚለየው ወደ ፊት የሚመለከት በመሆኑ ነው። ስድብ ነህ ይላል፤ እርግማን ሁን ይላል። ዘርህ ይጥፋ፣ ቤትህ ይፍረስ፣ የውሻ ሞት ሙት የሚሉት የተለመዱ ናቸው። ከሁሉም የሚፈራው ዘርን የሚያጠፋው ነው። ቻይናም ልጅህና የልጅ ልጅህ ይቋረጥ የሚል የታወቀ እርግማን አላት፤ የሞቱትን አባቶች የሚያስብ ልጅ ማጣት በዚያ አገር የመጨረሻው ጥፋት ነበርና።

የእርግማን ኀይል በተናጋሪው ማንነት ይለካል። የመንገደኛ እርግማን ይታለፋል፤ የወላጅ እርግማንና የነፍስ አባት ውግዘት ግን እስኪፈታ ድረስ ያስጨንቃል። በተቃራኒው ልጅ ወላጁን ቢሰድብ ነገሩ ከስድብ አልፎ ኀጢአት ይሆናል፤ በኦሪት ለዚህ የተወሰነው ቅጣት ሞት ነበር። የቻይና ሕግም በዚህ ከኦሪት ጋር ይስማማል። በ1397 በጸናው የሚንግ ሕግ መሠረት ሰው ተራውን ባልንጀራውን ቢሰድብ በቀጭን በትር 10 ጊዜ ይመታ ነበር፤ አባቱን፣ እናቱን ወይም አያቶቹን ቢሰድብ ግን ታንቆ ይገደል ነበር። ቃሉ አንድ ሆኖ ቅጣቱ ይህን ያህል መራራቁ፣ ስድብ የሚመዘነው በቃሉ ሳይሆን በሰዎቹ መካከል ባለው ደረጃ መሆኑን ያረጋግጣል። ይህ ነጥብ ወደ ዋናው ነገራችን ያደርሰናል።

ረ. ቡዳ

እስካሁን የተመለከትናቸው ስድቦች ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሰዳቢውም ተሰዳቢውም ስድብ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ሽማግሌውም ያውቃል፤ ካሳም አላቸው። ቡዳ የሚለው ቃል ግን ከዚህ ሥርዐት ውጭ ነው።

ቡዳ ማለት በአገሬው እምነት ዐይኑ ሰው የሚበላ፣ ሌሊት ወደ ጅብነት የሚለወጥ ሰው ነው። ይህም ነገር የሚነገረው ይልቁንም በቀጥቃጮችና በሸክላ ሠሪዎች ላይ ነው። መልከ መልካም ልጅ በድንገት ቢታመም፣ የምትታለብ ላም ብትነጥፍ ቡዳ በላው፣ ቡዳ በላት ይባላል። በሽተኛው በጢስ ይታጠናል፤ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኵርት ያሸትቱታል፤ ማን እንደ በላውም ይጠየቃል። በትኵሳት ላይ ያለ ሰው የአንድ ቀጥቃጭ ስም ከለፈለፈ ስሙ የተጠራው ሰው ያለ ዳኛና ያለ ምስክር ተፈርዶበታል።

በስሜን፣ በወገራና በደንብያ ቀጥቃጭነትንና ሸክላ ሥራን ከሚሠሩት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በስሜን ተራሮች የራሳቸው አለቆች የነበሯቸውና ከነገሥታቱ ጋር ብዙ ዘመን የተዋጉ ነበሩ፤ ኀይላቸው ፈጽሞ የተሰበረው በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ነው። አፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወገራን በወጉ ጊዜ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይውረስ ብለው እንደ ወሰኑ፣ ፈላሻ የሚለውም ስም ከዚያ እንደ መጣ በትውፊት ይነገራል። ሕዝቡ ራሱን ቤተ እስራኤል ብሎ ይጠራል፤ ፈላሻና ካይላ የሚሉትን ስሞች እንደ ስድብ ይቈጥራቸዋል።

ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ መኖር ግድ ሆነበት። የገበሬው ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር ከቀጥቃጩ ወናፍ ይወጣ ነበር፤ ምጣዱ፣ እንስራውና ጋኑም ከቀጥቃጩ ሚስት እጅ ይመጣ ነበር። እንግዲህ ገበሬው ያለ እነርሱ ማረስም መጋገርም አይችልም። ነገር ግን እነርሱ በአቅኚው አባት ትውልድ ውስጥ አይቈጠሩም፤ ማዕድም አብረው አይቀርቡም። መራራቁ ከሁለቱም ወገን ነበር፤ ቤተ እስራኤልም ስለ ንጽሕና ሕጋቸው ከሌላው ሰው ጋር ከተነካኩ ይታጠቡ ስለ ነበር አትንኩኝ ይባሉ ነበር። እንዲህ በየቀኑ የሚፈለግና በየቀኑ የሚራቅ ሰው የፍርሀት ምክንያት መሆኑ አያስደንቅም። ብረትን በእሳት አቅልጦ መልኩን የሚለውጥ ሰው የራሱንም መልክ ይለውጣል ብሎ ማሰብ ለፈሪ ልብ ቅርብ ነው።

ልዩነቱን ልብ እንበል። ዲቃላ የተባለ ገበሬ ሽማግሌ ይቀመጥለታል፤ ቡዳ ለተባለ ቀጥቃጭ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ግን ሲነገር አልሰማንም። የማይሸከምበትም ምክንያት ሰዳቢው ተሳደብኩ ብሎ ስለማያስብ ነው፤ እውነት የተናገረ፣ ልጁን ከአደጋ የጠበቀ ይመስለዋል። ስለዚህም ቃሉ በጩኸት አይነገርም፤ በሹክሹክታ ይነገራል። እናት ልጇን ወደ ልብሷ እየሸሸገች ለሌላዪቱ በጆሮዋ ትነግራታለች። ድንጋይ መሸከም በእኩዮች መካከል ያለ ሥርዐት ነው፤ እኩያ ያልተባለ ሰው ስድቡን ራሱ ይሸከመዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ግን የወጋው መውጋቱንም አላወቀም።

ሰ. ሕግና ስድብ

ይህን ስድብ በሕግ ለማስቀረት የተሞከረው ዛሬ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ መስደብን ከልክለዋል፤ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ በእስራት እንደሚቀጣም አስጠንቅቀዋል። ዐዋጁ አገርን ያለ ባለእጅ ማቅናት እንደማይቻል ያስረዳል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስድብን በወንጀል አስቈጥሯል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይህንኑ ይዟል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በሕይወት ያለውን ሰው በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም እንዲሣቅበት ያደረገ ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ይናገራል።

ሕጎቹ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ተሰዳቢው ሰምቶ ሲከስ ነው። በሹክሹክታ የሚነገረው ወደ ዳኛ አይቀርብም። ሌላም እንቅፋት አለ፤ ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ስድቡ የቆመበትን እምነት አላነሣም፤ በመሬትም በኩል ባለእጁን ከገበሬው አላስተካከለም። ይህ የተሞከረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። ርስት ቀርቶ መሬት ለሚያርሰው ሁሉ በተፈቀደ ጊዜ የቤተ እስራኤል ገበሬዎችም መሬት የማግኘት መብት አገኙ።

ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ ሕዝቡ ከአገሩ ተነሣ። ብዙዎች በእግር ወደ ሱዳን ወርደው፣ በመንገድና በሰፈራም ብዙ ሰው ሞቶባቸው፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከ14,000 የሚበልጡ ደግሞ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓዙ። በስሜንና በወገራ መንደሮቻቸው ባዶ ቀሩ። የሄዱት በሃይማኖታቸው ተስፋ ምክንያት ነው፤ ራብና ጦርነትም ገፍቷቸዋል፤ ይሁን እንጂ ለትውልድ ሁሉ ጅብ ሲባል የኖረ ሰው ከመንደሩ ሲነሣ ወደ ኋላ የሚጐትተው ገመድ ቀጭን መሆኑ አይቀርም።

ሰዎቹ ሄዱ፤ ቃሉ ግን ቀረ። ዛሬ ቡዳ የሚለው ስም በቀሩት ባለእጆችና በልጆቻቸው ላይ ይነገራል፤ በጋብቻ ጊዜም ሽማግሌ የላከውን ወጣት ያስመልሳል። በከተማ ደግሞ ቀልድ ሆኗል፤ አንድን ነገር ትኵር ብሎ ያየ ወይም ያደነቀ ሰው ቡዳ ይባልና ይሣቃል። ቀልዱን የሚናገረው ሰው ቃሉ በእነማን ላይ ይነገር እንደ ነበር አያስብም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነው በአጭሩ ሲጠቃለል፣ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ ስድብ የሚመታው አጠራርን፣ አስተዳደግን፣ ዘርንና ወንድነትን ነው። እነዚህም የርስትና የዘመድ ኑሮ ምሰሶዎች ነበሩ። ጥንታዊት ቻይናም በትውልድና በወላጅ ክብር የምትተዳደር ስለ ነበረች ስድቧ ከእኛ ጋር ብዙ ይመሳሰላል፤ ይህ መመሳሰል ስድብ ከማኅበር አቋም እንጂ ከአንድ ሕዝብ ክፉ ጠባይ የሚወለድ እንዳልሆነ ያስረዳል። አቋሙም ቢለወጥ ቃሉ ወዲያው አይከተለውም፤ ርስት ከቀረ በኋላ ዲቃላ ማለት አልቀረም።

የአገሩ ሽማግሌዎች የሠሩት የእርቅ ሥርዐት እጅግ የሚደነቅ ነው፤ በሕግ አምላክ የሚለው ጥሪና የድንጋዩ ሸክም ብዙ ደም አስቀርተዋል። የጐደለው አንድ ነገር ቢኖር ለሁሉ አለመዳረሱ ነው። ቡዳ የተባለውም ሰው እንደ ሌላው ሽማግሌ ቢቀመጥለትና ካሳ ቢጠየቅለት፣ ከብዙ ዐዋጅ የበለጠ ውጤት ይኖረው ነበር። ያን ጊዜ ሰዳቢው ድንጋዩን ለመሸከም ጐንበስ ሲል የተናገረው ነገር ስድብ መሆኑን ይረዳ ነበርና።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀርልን ሥራ ግልጽ ነው። ዕረፍት ስንወጣ በየአገራችን የሚነገሩትን እነዚህን ቃላት ማን ለማን፣ በምን ጊዜና በምን ምክንያት እንደሚናገራቸው እየጠየቅን ብንመዘግብ፣ ስለ አገራችን ክብርና ውርደት ከብዙ መጽሐፍ የማናገኘውን እንማራለን። ስንመዘግብም በጩኸት የሚነገሩትን ብቻ ሳይሆን በጆሮ የሚነገሩትን እናዳምጥ። ልጅ በታመመ ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት ከመውሰድ ይልቅ የጎረቤት ስም ከአፉ እንዲወጣ የሚጠብቁ ወላጆች ባሉበት አገር ይህ የቃላት ጥናት ብቻ አይደለም፤ የልጁንም የጎረቤቱንም ሕይወት የሚነካ ነው።